መዳፍ ላይ የቀረች መኪና

ሰው ቀና ብሎ አውሮፕላን ሲያይ «የት ይሆን የሚሄደው?» ይላል። እሷ ግን ቀና ስትል «ማን ይዞታል?» ነበር የምትለው። በእነሱ ሥራ አውሮፕላን ያለ ያዥ አይሄድም። አንዱ ተቆጣጣሪ ለሌላው እያቀበለው፣ እንደ ሕፃን ከእቅፍ ወደ እቅፍ እየተላለፈ ነው አገር የሚያቋርጠው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከሚያቅፉት አንዷ እሷ ነበረች።

የምትሠራው በአውሮፕላን ማረፊያው ማማ፣ እነሱ «ታወር» በሚሉት፣ አናት ላይ፣ ዙሪያውን መስታወት በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ሊፍቱ ከአናቱ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ቀሪው አርባ አራት ደረጃ በእግር ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ሬዲዮዎች፣ ስልኮችና ወደ ተቀማጩ ያጋደለ ሰሌዳ አሉ። የእያንዳንዱ አውሮፕላን መጠሪያ በቀጭን ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ገብቶ ሰሌዳው ላይ ይደረደራል። ማኮብኮቢያው አስፋልት ላይ ሰው ወይም መኪና ካለ ደግሞ ከሁሉም መሀል አንድ ቀይ ዘንግ ይጋደማል። ቀዩ እስካለ ድረስ ማንም አይነሳም፣ ማንም አያርፍም። ከአፍ የወጣ ይረሳል፤ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ ግን ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይናገራል።

ባልደረቦቿ «ሰከን» ይሏታል። ሰማዩ ሲጨናነቅ፣ ስልኩ ሲጮህ፣ ሦስት አብራሪ ባንድ ጊዜ ሲጣራ «ሰከን እንበል» ስለምትል ነው። ድምጿ አይወጣም፣ አይወርድም። አንድ የድሮ አብራሪ እንዲያውም «እትዬ ሰከን ማረፍ ትችላለህ ስትለኝ አልጋ ያነጠፈችልኝ ነው የሚመስለኝ» ብሏል እየተባለ ይወራል።

የሥራው ሌላ ሕግ የተባለን መድገም ነው። ተቆጣጣሪው ያለውን አብራሪው መልሶ ይላል፤ ተቆጣጣሪውም ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። ይኸን ልማድ እስከ ቤቷ ድረስ ይዛው ገብታ ነበር። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከቤታቸው ሁለት መታጠፊያ ይርቃል። ጠዋት ሲወጣ፣

«ስትመለስ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ የእማዬን መድኃኒት» ትለዋለች።

«እሺ።»

«እሺ ብሎ ነገር የለም። ድገመው።»

«ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ የእማማ መድኃኒት። ከሱቅ ተነስቼ፣ በግራ ታጥፌ፣ ቤቴ ላርፍ ነው። ነፋሱ እንዴት ነው?»

«ነፋሱ እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ረስተህ ና፣ ታየዋለህ!»

አብራቸው የምትኖረው እናቷ እዚያው ሆና ትስቃለች። ወጣት ሳለች ክር ፋብሪካ ውስጥ የሠራች፣ ጆሮዋ በማሽን ድምፅ የደከመ፣ ዓይኗ ግን የማይደክም አሮጊት ናት። ጆሮ ሲከዳ ዓይን ይተጋል።

ችግሩ መቼ እንደ ጀመረ ቢጠይቋት ቀኑን አታውቀውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው። ሁለት ባልደረቦቿ ሥራ ለቀቁ፤ «ምትክ እስኪመጣ» ተባለና ፈረቃቸው በቀሩት ላይ ተደረበ። ምትኩ በዚህ ወር፣ በሚቀጥለው ወር እየተባለ ወራት አለፉ። መጀመሪያ እንቅልፏ ሸሸ። ቀጥሎ ሬዲዮ በሌለበት ሬዲዮ ትሰማ ጀመር፤ ማንቆርቆሪያው ሲንጫጫ አብራሪ የጠራት ይመስላትና ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለች አንድ አብራሪ ጠራትና፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ማን እንደ ሆነ ጠፋት።

አንድ ትንፋሽ ብቻ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፉን ያስቀመጠበት የጠፋው ያህል ግንባሩን መታ መታ አድርጎ ያልፈው ነበር። በእሷ ወንበር ግን አንድ ትንፋሽ ማለት ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን ሦስት መቶ ሜትር የሚሄድበት ጊዜ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ መዳፏ ላይ መጻፍ ጀመረች። በሰማያዊ እስክሪቢቶ፣ አጭር አጭር ቃል። ሰሌዳው ላይ ትርፍ ነገር ብትጽፍ ባልደረቦቿ «እትዬ ምነው፣ አንቺም ማስታወሻ ጀመርሽ?» ይሏታል። መዳፍ ግን ሲጨበጥ ይዘጋል፤ ማንም አያነበውም። ፈረቃዋ ሲያልቅ በሳሙና ታጥባዋለች፤ ቀኑም አብሮ ይታጠባል።

ለሰው ያልተናገረችው በኩራት ብቻ አልነበረም። ተቆጣጣሪዎች በየዓመቱ የጤና ምርመራ አለባቸው፤ የጤና ወረቀት የሌለው ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። አንድ ባልደረባቸው «ልቤ ይመታል» ብሎ ለሐኪም በተናገረ ሳምንት መዝገብ ቤት ተመድቦ፣ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን የፋይል አቧራ ያራግፋል። እውነት ልቡ ታሞ ይሁን አይሁን ማንም አጣርቶ አያውቅም፤ ወሬው ግን ደረጃውን ሁሉ ወጥቶ መስታወት ክፍሉ ገብቷል። «ዝም ያለ አፍ ወንበር አይቀማም» ይባባሉ ነበር እነ ሰከን፣ እየሳቁ።

ቤቷ ስትደርስ መኪናዋን ከበሩ ፊት ለፊት አቁማ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ እዚያው ትቀመጣለች። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት። እጆቿ መሪው ላይ፣ ዓይኗ የትም። ባሏ ሱቅ ስለሆነ አያይም። እናቷ ግን በመስኮት ታያለች። አይታም ትደብቃለች።

ነገሩ የሆነው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ በወጣበት ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ሲያባራ ማኮብኮቢያው ላይ ትል ይወጣል፤ ትሉን ፍለጋ ወፍ ይወርዳል። ወፍ ደግሞ ሞተር ውስጥ ከገባ ጉድ ነው። ስለዚህ ቢጫ መብራት ያላት አንዲት መኪና አስፋልቱን እየተመላለሰች ወፎቹን ታባርራለች። ሾፌሩን ሰከን በድምፅ ብቻ ነው የምታውቀው፤ ዘጠኝ ዓመት በሬዲዮ ሲነጋገሩ ፊቱን አይታው አታውቅም።

«ታወር፣ መኪና አንድ ነኝ። ወፎቹ ተሰብስበዋል፤ አስፋልቱ ልግባ?»

«መኪና አንድ፣ ግባ።»

«እየገባሁ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ስልክ ጮኸ፤ የሌላው ከተማ ታወር ነበር። ቀዩን ዘንግ ለማንሳት የተዘረጋው እጅ ስልኩን አነሳ። እያዳመጠች፣ ያለ ልቧ፣ ግራ መዳፏ ላይ «መኪና» ብላ ጻፈች። ጣቶቿን ከደነች። ስልኩን ስትዘጋ ነገሩን ያስቀመጠችው ስለመሰላት አእምሮዋ አረፈ። በእርግጥም አስቀምጣዋለች፤ የተቀመጠው ግን ቦታው ላይ አልነበረም።

ወዲያው ተረካቢዋ መጣ። ወፍራም መነጽር ስለሚያደርግ «መነጽሩ» የሚሉት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ራሷ ያሠለጠነችው ወጣት ነው። ርክክቡን በደንቡ አደረጉ፤ ነፋሱ ከየት፣ ሰማዩ እንዴት፣ ማን እየመጣ፣ ማን ሞተሩን ሊያስነሳ። ሁሉን ከሰሌዳው ላይ እየጠቆመች ነገረችው፤ እሱም ደገመላት። ሰሌዳው ላይ ቀይ የለም። ጣቷም ወደ ሌለ ነገር አልጠቆመም።

«ተረከብኩ» አለ መነጽሩ።

ያስረከበ ሰው ለአምስት ደቂቃ ያህል ከተረካቢው ጀርባ ቆሞ ማየት ልማዳቸው ነው። የዚያን ቀን ግን ራሷን በጣም ስላመማት «ፊቴን ልታጠብ» ብላ ወረደች። መታጠቢያ ቤቱ ሊፍቱ ከሚቆምበት ፎቅ ላይ ነው። ቧንቧውን ከፈተች፤ ሳሙና አነሳች፤ መዳፏን ዘረጋች።

መኪና።

ውሃው እየፈሰሰ ትታው ወጣች። አርባ አራቱን ደረጃ እንዴት እንደ ወጣችው አታውቅም፤ አንድ ጫማዋ በኋላ ደረጃው መሀል ላይ ነው የተገኘው። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ መነጽሩ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል፤ አንድ ጣቱ በመስታወቱ በኩል ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ተቀስሯል።

«መኪና አንድ፣ አስፋልቱን አሁኑኑ ልቀቅ፣ በቀኝ ውጣ» አለ በሬዲዮው።

«በቀኝ እየወጣሁ ነው፤ ... ወጥቻለሁ።»

ሊያርፍ የሚመጣው አውሮፕላን ገና ስድስት ኪሎ ሜትር ይቀረው ነበር። መነጽሩ አስፋልቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ገና በጣቱ ሄደበትና «ማረፍ ትችላለህ» አለ። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ትንሽ የውሃ ብናኝ ተነሳ። በቃ። ሰዎቹ ወርደው፣ ሻንጣቸውን ጎትተው፣ ታክሲ ጠሩ። የጎደለ ነገር አልነበረም።

መነጽሩን ያዳነው ራሷ ያስተማረችው ነገር ነው። በሥልጠናው ጊዜ «ማረፍ ትችላለህ ከማለትህ በፊት ተነስና አስፋልቱን በዓይንህ ጥረገው፤ ‘ባዶ ነው’ ያለችህ እናትህ ብትሆንም አትመናት» እያለች ትነዘንዘው ነበር። እሱም አላመናትም። እግዜር ይስጠው።

መነጽሩ እረፍት ሲወጣ ሻይ ክፍሉ ውስጥ ተገናኙ። ጫማዋን በእጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ምነው እንዲህ? ምን ሆነ? ምንም አልሆነም።»

«ቀዩን አላጋደምኩትም።»

«እኔ ደግሞ አየሁት። አንቺ ያስተማርሽው ነው የሠራው። አንድ ለአንድ ወጣን በቃ።»

«መዳፌ ላይ ጽፌው ነው ይዤው የሄድኩት» አለችና ዘረጋችለት።

መነጽሩ መዳፏን አየ፤ በሩን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ምንም አላየሁም። ምርመራሽ መቼ ነው?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት።»

«እንግዲያው ዝም በይ እትዬ። አቧራ ማራገፍ አማረሽ እንዴ? የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

ደንቡ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ እስከ ማግስቱ ቀትር በጽሑፍ ለአለቃ ይነገር ይላል። የእሷ ቀጣይ ፈረቃም የሚጀምረው ማግስቱን ቀትር ላይ ነው። ወይ ተናግራ ምናልባት ወንበሩን ታጣለች፤ ወይ ዝም ብላ ትቀመጥበታለች። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ቤቷ ደጃፍ ላይ ሞተሩን አጥፍታ እንደ ልማዷ ቁጭ አለች። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። የመኪናው ሌላኛው በር ተከፈተና እናቷ ሹራቧን ሰብስባ ገብታ ተቀመጠች። በሩን ዘጋችው። ወንበሩን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

«ይኸ ወንበር ይመቻል ወይ? ሁልጊዜ የምትቀመጪው ምን ብታገኚበት ነው ብዬ ልሞክረው መጣሁ።»

«እማዬ፣ ይበርድሻል፣ ግቢ።»

«አንቺ ስትገቢ።»

እናቷ አልጠየቀቻትም፤ ፊት ለፊት እያየች ጠበቀች። ከዚያ ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ እንቅልፉን፣ መዳፉን፣ መኪናውን፣ ደረጃውን። ስትጨርስ አሮጊቷ፣

«የሞተ አለ?» አለች።

«የለም።»

«የቆሰለስ?»

«የለም እማዬ።»

«ተመስገን። አሁን አልቅሺ እንግዲህ፤ ደስ ብሎሽ አልቅሺ።»

እውነትም አለቀሰች። እናቷ መሀረብ ፈልጋ ስታጣ የሹራቧን እጅጌ አቀበለቻት።

«ከተናገርኩ ወንበሬን ይወስዱብኛል። ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«አንቺስ ባለፈው ዓመት የስኳር ኪኒንሽን ሳትውጪ ከትራስሽ ሥር ስትደብቂ አልነበረም?»

«እኔ አውሮፕላን አላሳርፍማ!»

ልጅቷ በእንባዋ መሀል ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም። እጇን ከመሪው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ነገ ዝም ብለሽ ወንበርሽ ላይ ተቀመጥሽ እንበል። ከሚያርፉት አንዱ ላይ እኔ አለሁ። ራስሽን አምነሽ ታሳርፊኛለሽ?»

ልጅቷ ግራ መዳፏን ዘርግታ አየችው፤ ሰማያዊው ቀለም ገና አልለቀቀም።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት መጀመሪያ አለቃሽ ጋ» አለች አሮጊቷ። «ድገሚው።»

«እማዬ...»

«ድገሚው ብያለሁ! ባልሽን የምታስደግሚው ሕግ ለአንቺ አይሠራም?»

«ነገ ጠዋት መጀመሪያ አለቃዬ ጋ።»

«ጎሽ። አሁን ውጪና ግቢ፤ ወገቤ ተቀነጠሰ። ይኸ ምኑ ነው የሚመቸው!»

አለቃቸው የእርሳስ ጫፍ የማኘክ አመል ያለው፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ወረቀት ጽፋ አቀረበችለት። ቆማ ሳለች አነበበው። እንደ ገና አነበበው። ከዚያ ስልክ አንስቶ «መኪና አንድን ጥሩልኝ» አለ።

ይኸን አልጠበቀችም። አለቃ ይቆጣል ብላ ስትዘጋጅ፣ ለሾፌሩ ፊት አልተዘጋጀችም። ገባ። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ግዙፍ ሰው ይመስላት ነበር፤ የገባው ግን ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ የያዘ ሰው ነው። አለቃው በአጭሩ ነገረው። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ልቀቅ ሲሉኝ ወፉ ያለቀ መስሏቸው ነው ብዬ ነበር እኮ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ሦስት ልጆች አሉኝ፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ፤ ማለቴ... አላውቅም ነበር። ይቅር በለኝ።»

ሾፌሩ ባርኔጣውን አዟዟረው። ፊቱ ቀላ፣ ጠቆረ። «ባትነግሪኝ ነበር የሚሻለኝ» አለ በንዴት። «እንግዲህ በገባሁ ቁጥር ቀና እያልኩ ሰማይ ሳይ ልኖር ነው?» ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «አይ፤ ነገሪኝ። ቀና ማለትም አይከፋም» አለ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ደግሞ ረዥም ሴት ነበር የመሰልሽኝ» አላት።

አለቃው የታኘከውን እርሳስ አስቀመጠ። «ዛሬ ወንበር ላይ አትቀመጪም።»

«እሺ አለቃ።»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም። የመሥሪያ ቤታችን ሐኪም ጋ ዛሬውኑ ትሄጃለሽ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እሷ ናት የምታውቀው፤ እኔ ቃል አልገባልሽም።» ቀጥሎ ግን እንደማፈር ብሎ አንገቱን አከከና፣ «ፈረቃውን የደራረብኩት እኔ ነኝ። እሱንም እኔ እጽፈዋለሁ» አለ።

ከማማው ወጣች። ጠባብ ጫማ ሙሉ ቀን ተጫምቶ የዋለ ሰው ሲያወልቀው እንደሚሆነው ሆነች። ያማል፤ ግን ጣቶቹ ይፈታሉ። ወንበሯን ይመልሱላት አይመልሱላት አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ሰማዩን ሌላ ሰው ይዞታል።

ሐኪሟ ቀልድ የማይጠፋት ጎልማሳ ሴት ናት። ደሟን ለካች፣ ልቧን አዳመጠች፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀች፣ ጻፈች።

«ልብሽ ጤነኛ ነው። የደከመው ባለቤቱ ነው» አለቻት። «ስድስት ሳምንት እረፍት። እንቅልፍ የሚመልስ መድኃኒት ለአሥር ቀን፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፉ በራሱ መንገዱን ያውቀዋል። በየሳምንቱ እዚህ እየመጣሽ ታወሪኛለሽ።»

«ቁጭ ብዬ ልውል ነው?»

«ቁጭ ካልሽማ ታብጃለሽ። ሥራ ሥሪ፤ ብቻ ብትሳሳቺ ማንም የማይሞትበት ሥራ ይሁን።»

እንዲህ ነው ባሏ ሱቅ የገባችው። እስከዚያ ድረስ ሱቁን የምታውቀው በበሩ ነበር። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የሰው ልብስ፣ ከጥግ የተደገፈ የጨርቅ ጥቅል። ባሏ ስፌት መፍታት አስተማራት፤ በትንሽ ምላጭ፣ ክሩን ብቻ፣ ጨርቁን ሳይነኩ። መጀመሪያ መርፌ መሬት ላይ ባየች ቁጥር ትደነግጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ትከሻዋ ከጆሮዋ ወረደ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ባሏ «ግራጫውን ሱሪ ግርጌውን ፍቺልኝ፤ ሁለት ጣት ይረዝማል» ብሏት ክር ሊገዛ ወጣ።

«ግራጫውን ሱሪ ግርጌ እፈታለሁ» አለች፤ ደገመች እንደ ሕጉ።

ግድግዳው ላይ ግን ሁለት ግራጫ ሱሪዎች ነበሩ። እሷ የፈታችው ትናንት አልቆ፣ ተተኩሶ፣ ባለቤቱን የሚጠብቀውን ነው። ያውም ግርጌውን ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው ጥሟት፣ የጎኑን ስፌት ጭምር እስከ ጉልበት። ባሏ ሲመለስ እጁ ላይ ያለውን ክር ጣለው።

«ይኸ የርዕሰ መምህሩ ነው! አራት ሰዓት ላይ ለብሶት ስብሰባ ሊገባ!»

ያን ጊዜ ሰዓቱ አራት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። በሩ ላይ ጥላ ወደቀ፤ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ሰከን ተነሳች። እንደ ገና ያንን ደረጃ የምትሮጥ መሰላት። አደጋው እስኪደርስ ጠበቀች።

«እኔ ነኝ የፈታሁት፤ በስህተት ነው» አለች።

ርዕሰ መምህሩ የተዘነጠለውን ሱሪ ከፍ አድርገው አዩት፤ በቀዳዳው በኩል እሷንም አዩዋት። «ሱሪ እኮ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ስብሰባው እኔ ሳልደርስ አይጀመርም። ቢጀመርም ምንም አይሉኝም።» ጋዜጣቸውን ዘርግተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ባሏ ማሽኑን አስነሳ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ርዕሰ መምህሩ ለበሱት፣ ተንጎራደዱ፣ «እንዲያውም ከፊተኛው ይሻላል» ብለው ሄዱ።

ይኸው ነው። ሌላ የመጣ ነገር የለም። ስልክ አልጮኸም፤ ማንም ወረቀት አልጻፈም።

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ባሏ ያለቀሰች መስሎት ሮጦ መጣ። ሳቅ ነበር። ሆዷን ይዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እስከ ጉልበቱ! እስከ ጉልበቱ እኮ ነው የፈታሁት!» ትላለች፤ ደግሞ ትስቃለች። ሳቁ በባሏም ተጋባ። ከዚያ የጨርቁን ጥቅል ደገፍ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ባሏ ማሽኑ እንዳይቀሰቅሳት እስከ ምሳ ድረስ በእጁ ሰፋ።

ስድስቱ ሳምንት ሲሞላ ሐኪሟ እንደ ገና መረመረቻት፤ ረዥም አወራቻት፤ የመርሳቱን፣ የእንቅልፉን፣ ያ የሌለ ሬዲዮ ይሰማት እንደሆነ። ከዚያ የጤና ወረቀቱ ላይ ፈርማ፣ ማህተሙን በእስትንፋሷ አሙቃ መታችው።

«ፋይል ላራግፍ አይደለም ማለት ነው?» አለች ሰከን።

«አቧራ ያምርሻል እንዴ? ያ መዝገብ ቤት የተላከው ሰውዬም እኮ ቀጠሮውን ጠብቆ አልመጣልኝም እንጂ እመልሰው ነበር። እስቲ ንገሩት።»

ነገሩት። ያ ሰው በሳምንቱ ሐኪሟ ደጅ ላይ ታየ።

ታወሩ ውስጥ የጠበቃት ነገር ትንሽ ተለውጧል። ቀዩ ዘንግ አሁን የሚሰቀለው ከመኪናዎች ጋር የሚወራበት የሬዲዮ መያዣ ላይ ነው፤ ዘንጉን ሳያነሱ መኪና ማነጋገር አይቻልም፤ አንዴ ካነሱት ደግሞ ከሰሌዳው በቀር የሚቀመጥበት የለም። ሐሳቡ የሾፌሩ ነበር። አንድ ምትክ ሰው ተቀጥሮ ሥልጠና ላይ ነው፤ ፈረቃውም ላላ ብሏል። አለቃው ጋ ደግሞ ከእሷ በኋላ ሦስት ሰው በር አንኳኩቷል። ከሦስቱ አንዱ መነጽሩ ነው።

«አንተ? አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችው ሻይ ክፍሉ ውስጥ።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። «ከእያንዳንዱ ፈረቃ በፊት ያስመልሰኛል፤ ዓመት ሊሆነኝ ነው። አሁን ቀንሶልኛል።» ዓይኑን ቀና አላደረገም። «እትዬ፣ ያን ቀን ዝም በይ ያልኩሽ ለአንቺ ብዬ አልነበረም።»

«ይገባኛል» አለችው፤ ሻይዋንም ወደ እሱ ገፋችለት። «ጠጣ። ስኳር አለው፤ አትፍራ።»

ረዥም ጊዜ ከወንበሩ የራቀ ተቆጣጣሪ ሲመለስ አሥር ፈረቃ ሌላ ሰው ከጀርባው ቆሞ ያየዋል። ለእሷ የተመደበው መነጽሩ ሆነ።

«ያሠለጠንኩህ ልጅ ልታሠለጥነኝ!»

«ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ተማሪ» አላት።

የመጀመሪያው ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የመጀመሪያው አብራሪ ጠራት፤ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚፈልግ እንደ ቤቷ ዕቃ እያንዳንዱ ቦታው ላይ ነበር። መለሰችለት። ደገመላት። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አንዱን አነሳች፣ አንዱን አሳረፈች፤ ከማሳረፏ በፊት ተነስታ አስፋልቱን በዓይኗ ጠረገችው። አንዴ ስልክና ሬዲዮ ባንድ ላይ ሲጮኹ ልቧ ደንገጥ አለ፤ ደረቷ ውስጥ ያለውን አየር ቀስ አድርጋ እስከ መጨረሻው አወጣችው፤ ስልኩን «ቆይ» አለችው። ስልኩ ቆየ። ለካ ስልክ ይቆያል።

ሁለት ሰዓት አለፈ። ተረካቢ መጣ። ሁሉን እየጠቆመች አስረከበች፤ አምስት ደቂቃ ከኋላው ቆመች። መነጽሩ መዝገቡ ላይ «ደህና» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ፈረመ።

ደረጃውን ወርዳ ሊፍቱን እየጠበቀች ሳለ ባሏ ደወለ። ጠዋቱን ሙሉ ስልኩን በእጁ ይዞ እንደ ዋለ ከድምፁ ያስታውቃል።

«እሺ? እንዴት ነበር? ተናገሪ እንጂ!»

«ራበኝ» አለች።

«ምን?»

«ራበኝ አልኩህ። በጣም። ምን አለ?»

በስልኩ ውስጥ ባሏ ወደ ቤት ዞሮ «እማማ! ራባት!» ሲል ተሰማ፤ ጆሮዋ የደከመው እናቷም ከማዶ «ማን መጣ?» ስትል።